የአቶ እንድሪስ የቲሞች

ሰው ሆኖ የማያጠራቅም የለም። አንዱ ብር ያጠራቅማል፣ አንዱ ቂም። አንዱ የጎረቤቱን ገመና እየለቃቀመ ሆዱ ውስጥ ያኖርና የተጣላ ዕለት አንድ ሳያስቀር ይዘረግፈዋል። የኔ አክስት ባዶ ጠርሙስ ይጠቅማል ባይ ነበሩ፤ ያረፉ ጊዜ ለቀስተኛው ቆሞ የዋለው መቀመጫ ጠፍቶ ሳይሆን መቀመጫው ሁሉ ጠርሙስ ተሸክሞ ስለ ነበር ነው። ሰውስ ሰው ነው፤ ከደጃችን፣ ከጣና ተነሥቶ የሚሄደው ዓባይ እንኳ «ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» እየተባለ ስንት ዘመን ሲታማ ኖሯል። ስለዚህ ዛሬ የማወጋችሁን ሰው «ምነው ሥራ አጣ» ብላችሁ ከማማታችሁ በፊት እስቲ የየራሳችሁን ሣጥን ከፍታችሁ እዩ። ምን እንዳገኛችሁ እኔም አልጠይቃችሁም።

አቶ እንድሪስ የሚሰበስቡት ቴምብር ነበር። ባሕር ዳር ከቆዩት የሙስሊም ነጋዴ ቤተ ሰቦች የአንደኛው ልጅ ናቸው፤ በረንዳው ወደ ሐይቁ የዞረ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። እኔ በመምህርነት ተመድቤ ከተማይቱ ስገባ ከጓሯቸው ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራየሁ። ብዙ ሳልቆይ ትርፍ ቤት ተወረሰና ኪራዬን ለቀበሌ መክፈል ጀመርሁ። ጣራው ሲያፈስ ግን ቀበሌው አያውቀኝም፤ መሰላል ተሸክመው የሚመጡት ቤታቸውን የተወረሱት አቶ እንድሪስ ነበሩ። «ቤቱ የመንግሥት ቢሆን ዝናቡ የአላህ ነው» ይሉኛል ቆርቆሮውን እየደበደቡ።

ቴምብር መሰብሰብ በዚያ ዘመን ብርቅ አልነበረም። ተማሪዎቼ እንኳ በደብተራቸው መሐል የጠፈርተኛና የትራክተር ቴምብር ደብቀው በክፍለ ጊዜዬ ይለዋወጡ ነበር። አቶ እንድሪስ እነዚህን ዞር ብለው አያዩም። እሳቸው የሚሹት ማንም የማይሻውን ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ፤ አትፍሩ፣ ቶሎ እመልሳችኋለሁ።

አውሮፕላን ለአገራችን ሰማይ ገና እንግዳ በነበረ ጊዜ ፖስታ ቤት የንጉሥ ምስል ያለበትን ተራ ቴምብር አንሥቶ በላዩ ላይ አውሮፕላን አተመበትና «ይኼ ደብዳቤ በአየር የሚሄድበት ነው» አለ። ይህ የደንቡ ነው። ብልጥ ግን በየዘመኑ አይጠፋም። ማን እንደሆኑ ዛሬም ድረስ በውል የማይታወቁ ሰዎች እነሱም ተራ ቴምብር ገዝተው፣ የየራሳቸውን አውሮፕላን አስቀርጸው፣ ንጉሡ ፊት ላይ እያሳረፉ ለፈረንጅ ሰብሳቢ ቸበቸቡት። ከፈረንጅ የተረፈውን ለአገሬው ነጋዴ ሸጡለት። አንዱ ያስቀረጸው አውሮፕላን ክንፉ ከገላው በልጦ ተርብ ይመስላል። የሌላው አምባዛ ዓሣ ነው፤ የቀረው ጢሙ ብቻ ነው። ፖስታ ቤቱ «አላውቃቸውም» አለ። ሰብሳቢዎች እንደ ሕግ የሚያዩት ወፍራም የውጭ አገር መጽሐፍም «አላውቃቸውም» አለ። የአቶ እንድሪስ ቴምብሮች እንግዲህ እነዚህ ናቸው፤ ደብዳቤ የማያደርሱ፣ ዋጋ የማያወጡ፣ አባት ነኝ ባይ የሌላቸው። «የቲሞቼ» ይሏቸዋል። «የቲም የሚያሳድግ ምን ያህል ምንዳ እንዳለው ታውቃለህ መምህር? አባት ያለውንማ ማንም ያሳድገዋል።»

የመጀመሪያዋ የቲም ከአባታቸው የወረሷት ነበረች። አባታቸው ባሕር ተሻግሮ ጅዳ የቀረ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ወሬው ሲጠፋባቸው፣ ለሸቀጥ አዲስ አበባ በሄዱበት ጊዜ ከአንድ ሱቅ አውሮፕላን ያለበት ቴምብር ገዝተው፣ ደብዳቤ አጽፈው፣ «በርሮ ይደርስለታል» ብለው ላኩ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ደብዳቤው ከብዙ ወራት በኋላ «ቴምብሩ አይታወቅም» ተብሎ ወደ ላኪው ተመለሰ። ሁለተኛ ጽፈው እስኪልኩ ወንድምየው የነበረበትን ሰፈር ለቆ ሄዷል ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ ዱካው አልተገኘም። ቴምብሯን አይቻታለሁ። አውሮፕላኑን ያተመው ሰው ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፣ ቀዩ አውሮፕላን አፍንጫው ቁልቁል ተደፍቷል። አባትየው እስኪሞቱ ድረስ ለመጣው ሰው ሁሉ እያሳዩ «እንዴት ይድረስ? እዩት እንጂ፣ ገና ሳይነሣ ሊወድቅ ነው» ይሉ ነበር። ይስቁ ነበር ወይ ብዬ ብጠይቃቸው አቶ እንድሪስ «ከንፈራቸው ይስቅ ነበር» አሉኝ።

እንደ አባታቸው የተታለለ ነጋዴ በሐይቁ ዙሪያ ብዙ ነበርና አቶ እንድሪስ ሥራ አልፈቱም። ጨርቅ ልሸጥ ነው ብለው በጀልባ ቁንዝላ ይሻገራሉ፣ ወይም የእህል ገበያ ቀን ቆላ ድባ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ጨርቁ እንደ ተጠቀለለ ነው፣ ኪሳቸው ግን አሮጌ ፖስታ ሞልቷል። ፖስታውን በሻይ ሰሐን ላይ በውኃ ያርሱታል፣ ቴምብሩ ሲላቀቅ በወረንጦ አንሥተው በረንዳው ላይ ያሰጡታል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዘሀራ የሻይ ሰሐኖች ሻይ የቀመሰው ስንቱ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። «የሰው ባል ወርቅ ያመጣል፤ የኔ ያደረ ምራቅ ያጥባል» ይሉኛል፤ ድምፃቸው ግን የሚያማ ሰው ድምፅ አልነበረም።

በዚያው በረንዳ ላይ አለባቸው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የጨርቅ ሱቅ ያለ ልብስ ሰፊ አይሆንም፤ ከአቶ እንድሪስ የተገዛ ጨርቅ ደጁን ሳይለቅ ከአለባቸው የስፌት መኪና ሥር ይገባል። እንዲደርቁ የተሰጡትን ቴምብሮች የሐይቁ ነፋስ እንዳይወስዳቸው መቀሱን፣ ክር የተጠቀለለበትን እንጨትና ያገኘውን ሁሉ የሚጭንባቸው እሱ ነበር። እንዲህ ሲኖሩ አብዮቱ መጣ። ጭቁን ሲፈለግ አለባቸው ተገኘ፤ ዕድሜውን በሰው በረንዳ ከገፋ ሰው የባሰ ጭቁን ከየት ይመጣል? የቀበሌ ሊቀ መንበር አደረጉት። የስፌት መኪናው አቡጀዲ ለብሶ በረንዳው ላይ ቀረ። አቶ እንድሪስ ተጨነቁ። ሰውየውን ስንት ዘመን «አንተ አለባቸው» ሲሉት ኖረው አሁን «ጓድ ሊቀ መንበር» ሊሉት ሆነ፤ «አንተ» ብለው ይጀምሩና «እርስዎ» ብለው ይጨርሳሉ። እሱ ግን እንደ ዱሮው «ጋሼ እንድሪስ» ይላቸዋል።

አሁን ወደ ነገሬ መጣሁ። አንድ ሰሞን ከበላይ የመጡ ካድሬዎች ቤት ለቤት አሰሳ ሊያደርጉ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። የንጉሡ ምስል የተገኘበት ሰው የድሮ ሥርዓት ናፋቂ ተብሎ ይታሰራል፣ ምስሉም ይቃጠላል አሉ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ትናንት በንጉሡ ስም ሲምል የዋለ ሁሉ ከግድግዳው ፎቶ ያወርድ ጀመር። አንድ ጎረቤታችን የንጉሡ ሥዕል ያለበት ትሪ ነበረው፤ ትሪው ደኅና ትሪ ስለሆነ አላስችል ብሎት ንጉሡን በአጥር ቀለም ቀባቸውና መጠቀሙን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እሱ ቤት የበላነው ቆሎ ሁሉ አረንጓዴ አረንጓዴ ይላል።

የአቶ እንድሪስ አልበም ግን ከዳር እስከ ዳር ንጉሥ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ንጉሥ በሰልፍ ቆሟል።

«ሐይቅ ውስጥ ይግባ» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ። «ወረቀት ነው፤ አንተ ትረፍልኝ።»

«የቲም ሐይቅ ውስጥ አይጣልም» አሉ አቶ እንድሪስ።

«ቅበሩት» አልሁ እኔ። ምክር ከዕውቀት ሲያንስ እንዲህ ነው፤ ባሕር ዳር አንድ ክንድ ቢቆፍሩ ውኃ ነው፣ ቴምብር ደግሞ እርጥበት ካገኘው እርስ በርሱ ተጣብቆ ይቀራል። አቶ እንድሪስ አልበሙን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የአባታቸውን ቴምብር የያዘውን የመጀመሪያውን ገጽ በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። አሳዘኑኝ። እስር ቤት መግባቱን የፈሩት አይመስለኝም፤ የፈሩት፣ አባታቸው ወንድማቸውን የፈለጉበት ያች ብቸኛ ምልክት እሳት ውስጥ ስትገባ ቆሞ ማየቱን ነው።

በመጨረሻ «ራሴ ወደ አለባቸው እወስደዋለሁ» አሉ።

«ኧረ አቶ እንድሪስ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» አልኋቸው።

«ቸግሮኛል እኮ» አሉኝ።

ቀበሌ ስንሄድ እኔ ነገር አሳማሪ ሆኜ ተከተልሁ። በየሳምንቱ ውይይት ክበብ እየተቀመጥሁ የለቃቀምሁት ቃል ነበረኝ፤ እኔም እንግዲህ ሰብሳቢ ነኝ። አልበሙን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በፊውዳሉ ምስል ላይ ያረፈው አውሮፕላን የሰፊው ሕዝብ የቴክኖሎጂ ግስጋሴ የዘውዱን ሥርዓት ረግጦ እንደሚያልፍ አስቀድሞ ያመላከተ መሆኑን አስረዳሁ። አልዋሽም፣ መጨረሻው ላይ እኔም ራሴን ማመን ጀምሬ ነበር። አለባቸው ደንበኛ የልብሱን ልክ ሲነግረው እንደሚያዳምጠው ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠኝ።

«መምህር» አለኝ ስጨርስ፣ «እኔ እኮ እነዚህን ወረቀቶች ነፋስ እንዳይወስዳቸው መቀስ ስጭንባቸው የኖርሁ ነኝ። ይህን ንግግርህን ለሚመጡት ሰዎች አቆየው።» ከዚያ ወደ አቶ እንድሪስ ዞረ። «ጋሼ እንድሪስ፣ ለኔ ይተዉልኝ። ነገ አመጣልዎታለሁ።»

«ምን ልታደርገው... ምን ሊያደርጉት ነው?»

«ማንም እንዳይነካው አደርገዋለሁ።»

ባዶ እጃችንን ወደ ቤት ተመለስን። በመንገድ አቶ እንድሪስ የዘንባባውን ጥላ እየተከተሉ ብቻ ይራመዱ ነበር።

በነጋታው አለባቸው አልበሙን በንጹሕ አቡጀዲ ጠቅልሎ፣ የሙሽራ ቀሚስ የሚያስረክብ ይመስል በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ፊቱ በርቷል። አቶ እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብለው ከፈቱት። በንጉሡ ላይ አውሮፕላን አለ፣ ይኼ የምናውቀው ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ደግሞ ክብ፣ ሐምራዊ፣ መሐሉ ላይ ማጭድና መዶሻ ያለበት የቀበሌው ማኅተም አለ። ገለጡ፣ አለ። ደግመው ገለጡ፣ አለ። አንዲት ቴምብር እንኳ አላመለጠችም።

«ትልቁን ማኅተም ልመታ ነበር» አለ አለባቸው፣ «ግን ከቴምብሩ ይበልጣል፤ ሥዕሉን ጨርሶ ይሸፍንብዎታል ብዬ የስኳር ካርድ የምንመታበትን ትንሹን ነው ያደረግሁት። አንድ በአንድ መሐል መሐሉን። አሁን ይምጡ፤ ማኅተም ያረፈበትን ማን ይነካዋል?»

ምን ይባላል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰውየው ዕንቅልፉን አጥቶ፣ ለራሱም ሥጋት ላይ ወድቆ፣ ቁልፍ እንደሚተክል በጥንቃቄ፣ ሊያድናቸው ብሎ አበላሸባቸው። አቶ እንድሪስ ቀና ብለው አዩት። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አለባቸው ደስታ መሰለው። «አላህ ይስጥልኝ» አሉት፤ ቃሉ ከጉሮሯቸው እንዴት እንደ ወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። አልበሙን ዘጉና መደርደሪያው አናት ላይ፣ እጃቸው በቀላሉ በማይደርስበት ቦታ ሰቀሉት።

በአለባቸው አትፍረዱ። የዚያን ዘመን ማኅተም የማያውቅ ሰው ነው የሚፈርድበት። ወረታ አክስቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ማኅተም ያለበት የይለፍ ወረቀት ይይዛል። ስኳር በማኅተም ነው፣ የሠርግ ድንኳን በማኅተም ነው። እዚሁ ከከተማው ዳር ሰባታሚት በግ ሊገዛ ሄዶ ወረቀቱን በመርሳቱ ኬላ ላይ ተይዞ በጉ ቀድሞት ከተማ የገባ ሰው አውቃለሁ። ማኅተም ያልነካው ነገር ሁሉ ተጠርጣሪ ነበር፤ ቢቻል ሰው ግንባሩ ላይ ባስመታ።

ካድሬዎቹም መጡ። አለቃቸው ሽጉጥ የታጠቀ፣ ትንሽ ያመመው የሚመስል ጎልማሳ ነበር። አልበሙን ከመደርደሪያው አናት ራሱ አወረደውና መሐሉ ላይ ከፈተ። ወይዘሮ ዘሀራ በሩን ይዘው ቆሙ።

«ይኼ የማን ፊት ነው?» አለ።

«የንጉሡ» አሉ አቶ እንድሪስ። ሌላ ምን ይበሉ።

ሰውየው ጣቱን ንጉሡ ላይ እንዳሳረፈ ማኅተሙን አየ። ገለጠ። ሌላ ማኅተም። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ገጽ በገጽ እየለዘበ ሄደ፤ እንዲያውም ወደ መጨረሻው አካባቢ አልበሙን በአክብሮት ነበር የሚገልጠው።

«ይኼ በቀበሌው ታይቷል ማለት ነው» አለ ለጓደኞቹ፣ ዘግቶ በቦታው መለሰው። ያን ዕለት ከሰፈራችን የወጣው ፎቶና ሥዕል ሜዳ ላይ ተከምሮ ነደደ። አረንጓዴው ትሪም ቀለሙ ተልጦ ተያዘ። ከንጉሡ ምስል በሰፈሩ በጠራራ ፀሐይ የተረፈው የአቶ እንድሪስ ብቻ ነው።

ታዲያ የተረፈውን ማን ይይለት? አቶ እንድሪስ ከዚያ ወዲያ አልበሙን አልነኩትም። ቁንዝላም መሄድ ቀረ። ገዢ ሲመጣ ጨርቁን ለክተው ይሸጣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሐይቁን ያያሉ። ወረንጦው ዛገ። ወይዘሮ ዘሀራ የሻይ ሰሐኖቻቸው ሁሉ በንጽሕና ተደርድረው ሲያዩ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ጓሮ መጥተው «መምህር፣ ሰውየው እየጠፋብኝ ነው። መሪጌታን ጥራልኝ» አሉኝ።

መሪጌታ ከደሴቶቹ በአንዱ ገዳም የሚኖሩ ብራና ጸሐፊ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ በታንኳ ለገበያ ሲሻገሩ አቶ እንድሪስ ሱቅ ያርፋሉ፤ አንዳቸው ስለ ወረቀት፣ ሌላቸው ስለ ብራና እየተበሻሸቁ የቆየ ወዳጅነት ነው። ቅዳሜ ጠብቄ ነገሩን ነገርኋቸው። ገብተው ሳይቀመጡ «እስቲ አውርድልኝ» አሉኝ፤ አወረድሁላቸው።

«ቀለም ያውቃሉ፣ መሪጌታ» አሉ አቶ እንድሪስ ሐይቁን እያዩ። «ይኼ ይለቃል?»

መሪጌታ ገጹን ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አገላብጠው አዩት። «ብራና ቢሆን እንፍቀው ነበር። ብራና ቆዳ ነው፤ ቢፋቅ ከሥሩ ሌላ ቆዳ አለው። ወረቀት ግን ቀለሙን ብትፍቀው ንጉሡም አውሮፕላኑም ተከትለው ይነሣሉ።»

አቶ እንድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ያውቁት ነበር።

«ግን ስማኝ እንድሪስ» አሉ መሪጌታ። «እኛ ዘንድ ስንት መጽሐፍ አለ መሰለህ፤ አንዱ መኰንን ያስጻፈውን ሌላው ሲሾም የፊተኛውን ስም ያስፍቅና የራሱን ያስገባል። ሦስተኛው ይመጣና የሁለተኛውን ያስፍቃል። ብራናው እዚያ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳያል፤ የፊተኛው ማን እንደ ነበረ እግዜር ይወቀው። አንተ ዘንድ ግን ማንም ማንን አልፋቀ። ንጉሡም አሉ፣ አውሮፕላኑም አለ፣ ቀበሌውም አለ። ሦስቱ ባንድ ቤት ተስማምተው አድረዋል። በሰው እንኳ ያልተቻለ ነገር ነው።»

አቶ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው «መነጽሬን» አሉ። ወይዘሮ ዘሀራ አጉሊ መነጽሩን ከየት እንዳመጡት አላየሁም፤ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውት ኖሯል።

ከኋላ ጀምረው ማየት ያዙ። የመጀመሪያውን ገጽ፣ የአባታቸውን፣ ያን ዕለት እንባ ጋርዷቸው በውል ያላዩትን፣ ሆን ብለው ለመጨረሻ አቆዩት። ሰብሳቢ መቼም ዐመሉ አይለቅም፤ «ይኼኛው ቀለም በዝቶበታል»፣ «ይኼ ትንሽ ወደ ግራ ሸሽቷል» እያሉ ማጉተምተም ጀመሩ። «ምነው ይኼ ሰው፣ ሁሉንም እኩል ቀጥ አድርጎ ነው የመታው» አሉ በግማሽ ምስጋና። በመጨረሻ የመጀመሪያው ገጽ ደረሰ። አጎነበሱ። ቀና አሉ። እንደገና አጎነበሱ።

«ተገልብጧል» አሉ።

ይኼን እዚህ ላይ ካላስረዳኋችሁ ደስታቸውን እብደት ትሉታላችሁ። በቴምብር ሰብሳቢ ዘንድ ስሕተት ከትክክል ይበልጣል። ከስንት አንዴ ማተሚያው ስቶ ተደራቢው ምስል ተገልብጦ የታተመበት ቴምብር ከተገኘ ሰብሳቢው የበኵር ልጅ የተወለደለት ያህል ይደግሳል። የአባታቸው ቴምብር፣ ፖስታ ቤት የናቃት፣ መጽሐፍ የካዳት፣ ከመንገድ የተመለሰችው፣ የቀበሌው ማኅተም በላይዋ ላይ የተገለበጠባት ብቸኛዋ ነበረች። በዓለም ላይ ሁለተኛ የላትም።

አቶ እንድሪስ አልበሙን አዙረው ያዙት፣ ማኅተሙ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ። ያን ጊዜ ሁላችንም አየነው። ንጉሡ በአናታቸው ቆመዋል፤ ያ አፍንጫው ቁልቁል የተደፋው ቀይ አውሮፕላን ግን ሽቅብ ዞሯል፤ ከመሬት ተነሥቶ እየወጣ ነው። «ያ አባቴ» አሉ አቶ እንድሪስ። ወይዘሮ ዘሀራ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ እኔም ሐይቁ ላይ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል ወደ ውጭ አየሁ።

በማግሥቱ አልበሙን ይዘው ቀበሌ ሄዱ፤ እኔም ተከተልሁ፣ ዛሬ ንግግር አላሰናዳሁም።

«አለባቸው» አሉት፣ ጓድነቱም እርስዎነቱም ከአፋቸው ጠፍቶ፣ «ይህችን ለምን ገለበጥኻት?»

አለባቸው አይቶ ደነገጠ። «ጋሼ እንድሪስ፣ በርስዎ ሞት፣ ገልብጬ አይደለም። ከርሷ ነበር የጀመርሁት፤ ሳያት አውሮፕላኑ ቁልቁል ነው። አውሮፕላን እንዴት ቁልቁል ይሄዳል ብዬ ገጹን አዙሬ አቃንቼ መታኋት። በኋላ ሌሎቹን ሳይ ለካ ላይና ታቹ የሚታየው በንጉሡ ኖሯል።»

«ንጉሡ እኮ በአናታቸው ቆሙ።»

«እሳቸውማ ከተገለበጡ ሰነበቱ» አለ አለባቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከዚያ የአቶ እንድሪስን ዝምታ ቅያሜ አደረገውና መሳቢያውን ስቦ ማኅተሙን አወጣ። «ምን ገዶ፤ አሁን በቅኑ በላዩ ላይ አስተካክዬ እመታልዎታለሁ።»

አቶ እንድሪስ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይፈጥናሉ ብዬ አላሰብሁም። አልበሙን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በሩ ላይ ደርሰዋል። ከበሩ ላይ ቆመው «አላህ ይስጥልኝ፣ አለባቸው» አሉት። ያሁኑ ከልባቸው ነበር፤ የመጀመሪያውን ሰምቻለሁና ልዩነቱን አውቃለሁ።

ዓመታት አለፉ። ደርግም በተራው ግንድ ሆነ፣ ምሳሩም በዛበት። ትናንት ንጉሡን ያወረደ ሰው አሁን ማጭድና መዶሻ ያለበትን ወረቀት ሁሉ ይቀድድ ጀመር። አለባቸው ጥቂት ተጠየቀ፣ የሚከሰው ሰው ጠፋ፣ ተለቀቀ፤ በረንዳው ላይ መጥቶ ከስፌት መኪናው አቡጀዲውን ገፈፈና ክር ማስገባት ያዘ። አቶ እንድሪስ ሻይ አስመጡለት፣ በእነዚያው ሰሐኖች።

በዚያው ሰሞን አዲሶቹ ሰዎች ሰፈሩን ሊያዩ መጡ። አንደኛው አልበሙን አገኘው። ገለጠ፣ ፊቱ ተለወጠ። «አባት፣ ይኼ የደርግ ማኅተም እኮ ነው። ለምን አስቀመጡት?» አላቸው።

በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። እኔም ልሟገት ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አቶ እንድሪስ ግን አጉሊ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ አልበሙን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ ገጹን በዝግታ መረመሩት።

«ልጄ» አሉት፣ «የናንተን ማኅተም ይዛችኋል?»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«በዚህ በኩል ጥቂት ቦታ አለ። ምቱልኝ። አንዲቷን ብቻ፣ እባካችሁ፣ ገልብጣችሁ።»

ሰውየው ጓደኞቹን አየ፣ ጓደኞቹ እሱን አዩት። አለባቸው መኪናውን መልሶ መርገጥ ጀመረ።